ከውጫሌ ውል እስከ 12 ማይል፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕይወትና የባሕር ጠረፍ ሥልጣን ጥያቄ

ከወልድያ ተነሥቶ መርሳንና ውርጌሳን አቋርጦ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እኩሌታው ገደማ ላይ ውጫሌን ያገኛል። በመኪና የሚጓዝ ሰው ከተማዋን በጥቂት ደቂቃ ያልፋታል። በዚህች ሥፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል ግን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የሚያውቀውም 17ኛውን አንቀጽ ነው፤ አማርኛውና ጣሊያንኛው የተለያየ ነገር ይናገሩ እንደነበርና ጉዳዩ በመጨረሻ ዐድዋ ላይ በጦር መሣሪያ እንደተፈታ። ሦስተኛው አንቀጽ ከዚያ ያነሰ ዝና አለው። በዚያ አንቀጽ የኢጣሊያ ይዞታ ወሰን ከባሕሩ ዳር፣ ከአራፋሊ ተነሥቶ፣ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አሥመራን ወደ ራሱ አስገብቶ እንዲሰመር ተስማምተው ነበር። 17ኛው አንቀጽ በደም ተሻረ፤ ባሕሩ ግን ከዐድዋ ድል በኋላም አልተመለሰም። ውሉ በተፈረመበት አምባሰልም ሆነ በአጎራባቹ ሀብሩ ያለው ገበሬ ስለዚህ ነገር ማንም አልጠየቀውም፤ በዚያ ዘመን የአገር ወሰን የነገሥታትና የመልእክተኞች ጉዳይ እንጂ የሰፊው ሕዝብ ጉዳይ ተደርጎ አይቆጠርም ነበርና።

አንድ አገር በባሕር ጠረፏ ላይ ሥልጣን አላት ሲባል ምን ማለት ነው? የገበሬ መሬት የወሰን ድንጋይ አለው፤ ድንጋዩ ቢነቀል እንኳ ሽማግሌ ቦታውን ያመለክታል። በባሕር ላይ ድንጋይ አይተከልም። የባሕር ወሰን የሚለካው ከየብስ ተነሥቶ ነው፤ የብሱ የማን እንደሆነ ሲታወቅ ባሕሩም የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የብሱ የሄደበት አገር ባሕሩም አብሮት ይሄዳል። እንግዲህ የባሕር ሥልጣን ሁለት እግር አለው፤ አንደኛው መሬቱ ላይ ያለው መብት፣ ሁለተኛው ርቀቱን የሚወስነው ሕግ ነው። በ20ኛው ምእተ ዓመት ኢትዮጵያ ሁለቱንም እግሮች ያገኘችበትና አንደኛው መሰንጠቅ የጀመረበት ታሪክ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ነው። እሳቸውም ጸሐፊ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው።

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተኔህ ካህን ነበሩ። ቤተሰቡ ጉልተኛ ባላባት፣ ከመሳፍንት ወገንም አልነበረም፤ ሦስት ወንድማማቾች፣ መኮንን፣ አክሊሉና አካለ ወርቅ፣ በየተራ እስከ ሚኒስትርነት የደረሱት በትምህርትና በቤተ መንግሥት አገልግሎት ነው። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የትውልድ ሐረጋቸውን ከሚቆጥሩት መሳፍንት ይልቅ በእሳቸው ፈቃድ ብቻ የሚነሡና የሚወድቁ አገልጋዮችን ይመርጡ ነበር። የአክሊሉም ብርታትና ድካም ከዚህ ይመነጫል።

ሕፃኑ በተወለደበት ዘመን የአገሪቱ ወሰን ከባሕር ምን ያህል ይርቅ እንደነበረ በቁጥር መናገር ይቻላል። በግንቦት 1900 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል በአፋር በኩል ያለው ወሰን ከባሕሩ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ጠረፉን እየተከተለ እስከ ፈረንሳይ ሶማሌ ወሰን እንዲሄድ ይወስናል። ስድሳ ኪሎ ሜትር ማለት ከወልድያ መርሳ ደርሶ የመመለስ ያህል ነው። እዚያ በረሃ ውስጥ ተራራም ወንዝም አልተቆጠረም፤ በካርታ ላይ ማስመሪያ ተይዞ ጠረፉ ሙሉ ለሙሉ ተቆረጠ። ከሀብሩና ከአምባሰል ተራሮች ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ጅረቶች አፋር ቆላ ውስጥ እንደሚቀሩ፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ እንደሚያበቃ፣ የአገሪቱም ንግድ ባሕሩን ሳይነካ በሌላ እጅ ላይ ይቀር ነበር።

ወጣቱ አክሊሉ ከአዲስ አበባ ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደው ሕግ ተማሩ። በተማሪነታቸው ዘመን፣ በ1920 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በዚያም ውል ኢትዮጵያ በአሰብ ነጻ የወደብ ቀበሌ እንዲኖራት፣ ከአሰብ ደሴ የሚደርስ የመኪና መንገድም እንዲሠራ ተስፋ ተሰጠ። የወሎ ነጋዴ ከዚህ ተስፋ ያገኘው ጥቅም አልነበረም። መንገዱ የተሠራው ኢጣሊያ አገሪቱን ከወረረች በኋላ፣ ለራሷ ጦርና ለራሷ ዕቃ ማመላለሻ ነው።

ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር አክሊሉ በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ይሠሩ ነበር። በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተደረገውን ክርክር በቅርብ ተመልክተዋል፤ ኢትዮጵያን ወክለውም ቆመዋል። በዚያ ጊዜ ዓለም ካየቻቸው ነገሮች አንዱ እነሆ፦ የፋሺስት ወታደር የጫኑ መርከቦች የሱዌዝን ቦይ ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ምጽዋ ያልፉ ነበር። ቦዩ በ1888 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቁስጥንጥንያ ስምምነት መሠረት ለሁሉም መርከብ ክፍት ነው ተብሎ ነበርና አልተዘጋም። ሕጉ ለወራሪው መንገድ ሆነ፤ ለተወራሪው ግን ጋሻ አልሆነም። በዚያን ጊዜ የሃያ ሦስትና የሃያ አራት ዓመት ወጣት የነበሩት የሕግ ምሩቅ ቀሪ ዘመናቸውን በሙሉ ከባሕርና ከወረቀት ጋር ሲታገሉ መኖራቸውን ይህ ጸሐፊ ከዚያ ትምህርት ለይቶ አያየውም።

ፈረንሳይ በጀርመን ከተያዘች በኋላ አክሊሉ አገሩን ለቀው በግብፅ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ1930ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከምክትልነት ተነሥተው ዋናው ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን የ1937 ዓ.ም. ስምምነት ከራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ጋር ሆነው ተደራደሩ፤ በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲቋቋም የኢትዮጵያ ልዑካን አባል ነበሩ። ዋናው ሥራ ግን ገና ይጀመራል።

የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ በአፍሪካ የነበሯትን ቅኝ ግዛቶች እንድትለቅ አደረገ። ኤርትራ የማን እንደምትሆን አራቱ ኃያላን መንግሥታት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ ተባለ። አልተስማሙም። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ዓመታት የአክሊሉ ሕይወት ዋና ምዕራፍ ናቸው። ኢጣሊያ በላቲን አሜሪካ መንግሥታት ድጋፍ ወደ ቀድሞ ግዛቷ በሌላ በር ለመመለስ ትጥር ነበር፤ እንግሊዝ አገሩን ለሁለት ለመክፈል የሚያስችል ሐሳብ ነበራት፤ ከኤርትራ ሕዝብም ገሚሱ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን፣ ገሚሱ ነጻነትን ይጠይቅ ነበር። በርማ፣ ጓቴማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ የተካተቱበት የአምስት አገሮች ኮሚሲዮን ወደ ሥፍራው ተልኮ እንኳ በአንድ ሐሳብ ሊመለስ አልቻለም።

አክሊሉ በአሜሪካዊው የሕግ አማካሪ በጆን ስፔንሰር እየተረዱ ያቀረቡት ክርክር በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር፤ በታሪክ አንድነት፣ በኅብረት ፈላጊዎቹ የሕዝብ ክፍል ፈቃድ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከዚያ ጠረፍ በመጣ ጦር መወረሯን በሚያሳየው የጸጥታ ምክንያት። የጠየቁት ሙሉ ውሕደት ነበር፤ ያገኙት ግን ፌዴሬሽን ነው። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ኤርትራ የራሷ ምክር ቤትና አስተዳደር ያላት ክፍል ሆና በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ወሰነ። ስለ ባሕሩ የሚናገረው ቃል በውሳኔው ውስጥ አጭር ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከሚይዛቸው ሥልጣኖች መካከል መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦችን የሚጨምረው መገናኛ ይገኛሉ። ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ የገቡት በዚህ ሐረግ ነው። እንግሊዝ አስተዳደሩን መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. አስረከበች።

ለዚህ ውጤት የተከፈለ ዋጋ እንደነበረ መሸሸግ አይገባም። የአሜሪካ ድጋፍ ያለ ምክንያት አልተገኘም፤ በግንቦት 1945 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት በአሥመራ የሚገኘው የራዲዮ መገናኛ ጣቢያ፣ በኋላ ቃኘው ተብሎ የታወቀው፣ ለአሜሪካ ጦር ለ25 ዓመት ተሰጠ። ኢምፔሪያሊዝም በአንድ እጁ ድምፅ ሲሰጥ በሌላው እጁ መሬት መቀበሉ ልማዱ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1946 ዓ.ም.፣ የባሕር አዋጅ ቁጥር 137 በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ከባሕር ርቀው በደጋና በወይና ደጋ የኖሩ ሕዝቦች ስለዚህ አዋጅ ብዙ አልሰሙም። በዚህ ሕግ የኢትዮጵያ የባሕር ክልል ከየብሱ ዳርና ከደሴቶቿ ዳር ተለክቶ 12 የባሕር ማይል ሆነ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ አሥራ ሁለቱ 22 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሜትሮች ጋር ይሆናሉ፤ ከወልድያ ተነሥቶ መርሳ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. 60 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ የተገፋው ወሰን በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ 22 ኪሎ ሜትር ባሕሩ ውስጥ ገባ። መለኪያው የሚጀምረውም የዓመቱ የባሕር ውኃ ሙላት እጅግ ከፍ ብሎ ከሚደርስበት ዳር ነበር፤ ይህች ንዑስ ቃል ኋላ ትነሣለች።

የዚህን ቁጥር ትርጉም ለመረዳት ያን ጊዜ ዓለም ስለ ባሕር ምን ታስብ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። ትልልቆቹ የመርከብ ባለቤት አገሮች፣ እንግሊዝና አሜሪካ በተለይ፣ የአንድ አገር የባሕር ክልል ሦስት ማይል ብቻ ነው ባይ ነበሩ። ልኩ ከጥንት መድፍ ተኩስ ርቀት የመጣ ነው ይባላል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ የሌላው አገር ክልል ባነሰ ቁጥር የእነሱ መርከብ የሚንሸራሸርበት፣ ዓሣ የሚያሰግርበትና የጦር መርከባቸው ዓይኑን የሚጥልበት ባሕር ይሰፋል። በ1930 እ.ኤ.አ. በሄግ የተሰበሰበው ጉባኤ በርቀቱ ላይ ሳይስማማ ተበተነ። በ1958 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተደረገው ጉባኤ አራት ስምምነቶች ሲያጸድቅ የባሕር ክልሉን ስፋት ግን መወሰን አቃተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስድስት ማይል የባሕር ክልልና ስድስት ማይል የዓሣ ማስገሪያ የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ ቀርቦ በአንድ ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። 12 ማይል የዓለም ሕግ ሆኖ የተጻፈው በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. በተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ከዚያ 29 ዓመት ቀድማ፣ ባሕር ካገኘች ገና አንድ ዓመቷ ሳለ፣ ኃያላኑ ያልወደዱትን ቁጥር በሕጓ ጽፋ ነበር። አዋጁን ያወጁት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሐሳቡ ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ያን ጊዜ ውጭ ጉዳይን ይመሩ የነበሩት ግን አክሊሉ ናቸው።

የባሕር ክልል ማለት ለመርከብ ሁሉ የተዘጋ በር ማለት አይደለም። በሰላም የሚያልፍ የንግድ መርከብ የመተላለፍ መብት አለው። ባለ ጠረፉ አገር ግን ኮንትሮባንድ የጫነውን ያስቆማል፤ ያለ ፈቃድ ዓሣ የሚያሰግረውን ወይም ዕንቁ የሚያወጣውን ይይዛል፤ የጸጥታ ቁጥጥር ያደርጋል። ከመቶ በላይ ደሴቶች ባሉበት በዳህላክ አካባቢ ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ጠረፉ ራሱ፣ ከሱዳን ወሰን እስከ ራስ ዱሜራ፣ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚያ ጠረፍ የባሕር ዳር ሰዎች መርከብ የሚጠለልበትን ሥፍራ በዐረብኛው መርሳ ይሉታል፤ መርሳ ፋጡማ፣ መርሳ ተክላይ የሚባሉ ሥፍራዎች አሉ። የሀብሩዋ መርሳ ከባሕር ምን ያህል እንደምትርቅ ለሚያውቅ አንባቢ የስሙ መገጣጠም ፈገግ ያሰኛል። በምጽዋ የባሕር ኃይል ጦር ሠፈርና የመኰንኖች ማሠልጠኛ ተቋቋሙ፤ የኖርዌይ መኰንኖች በሥልጠናው ረዱ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ። በ1959 ዓ.ም. በአሰብ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎችም በባቲ አድርገው ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ይወጡ ጀመር። ከደሴ ወደ መርሳና ወልድያ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ ለሚሄደው ሹፌር ባሕር ማለት ይህ ነበር፤ አሰብ ላይ የሞላው በርሜል።

አክሊሉ ከሱዌዝ ጋር እንደገና የተገናኙት በ1948 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ግብፅ ቦዩን የራሷ ንብረት ካደረገች በኋላ በለንደን ጉባኤ ተደርጎ ከአውስትራሊያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኢራን፣ ከስዊድንና ከአሜሪካ የተውጣጣ ኮሚቴ ከፕሬዚዳንት ናስር ጋር እንዲነጋገር ወደ ካይሮ ተላከ። የኢትዮጵያ አባል እሳቸው ነበሩ። ኮሚቴው የያዘው የምዕራባውያኑን ሐሳብ ስለነበረ ያለ ውጤት ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው ቦይ የወራሪ ጦር ሲያልፍ ያዩት ሰው አሁን ቦዩ በአገሩ ሰው እጅ እንዳይውል ከሚሹት ወገን ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው የዘመኑን የኢትዮጵያ መንግሥት አሰላለፍ ያሳያል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ታላቅ ወንድማቸው መኮንን ሀብተ ወልድ ተገደሉ። አክሊሉ ያን ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውጭ አገር ነበሩ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስም በሥልጣኑ ላይ ቆዩ። ያደረጉት ግን ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አልሆነም፤ ያላደረጉትም እንዲሁ።

ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። የኤርትራ ምክር ቤት በጦርና በፖሊስ ግፊት መካከል ራሱን አፈረሰ፤ ኤርትራም ጠቅላይ ግዛት ሆነች። አክሊሉ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ምንም ይምከሩ ምን፣ ውሳኔው በተፈጸመ ጊዜ የመንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ። የዚህ ጸሐፊ ፍርድ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ምጽዋና አሰብ በኢትዮጵያ እጅ የሆኑበት ሰነድ የ1943ቱ ውሳኔ ነበር፤ ያም ውሳኔ ወደቦቹን ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ የኤርትራን ሕዝብ የራስ አስተዳደር በዚያው ገጽ ላይ ጽፏል። አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዞ ሌላውን መቅደድ የራስን የርስት ደብዳቤ መቅደድ ነው። ይህን ከአክሊሉ የበለጠ የሚያውቅ የመንግሥት ሰው አልነበረም። በኤርትራ የትጥቅ ትግሉ ከአንድ ዓመት በፊት በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሮ ነበር፤ የፌዴሬሽኑ መፍረስ የሚነድ እሳት ላይ ጭድ ጨመረበት።

የወሎ አንባቢ ግን ስለ አክሊሉ መንግሥት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ይህን ላይሆን ይችላል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀረ። የሰሜኑና የምሥራቁ አውራጃዎች ገበሬዎችና የአፋር ከብት አርቢዎች ያላቸውን ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ። ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች ሕዝብ ምግብ ይገኛል ብሎ ተሰብስቦ አለቀ። የሟቾቹ ቁጥር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። አሳዛኙ ነገር በዚያ ዓመት በአገሪቱ በጠቅላላው እህል ጠፍቶ አልነበረም፤ ከወሎ ራሱ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይጫን ነበር። ሰው ያጣው የሚገዛበትን አቅም ነበር። ጭሰኛው ግን በዚያ ላይ ለባለ መሬቱ የሚከፍለው ነበረበት። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ፤ መንግሥት ጉዳዩን ሸፈነ። ከዳር የቆመ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይኸውና፦ አሰብ ወደብ ነበር፤ ከአሰብ ደሴ የሚደርስ አስፋልት ነበር፤ መርከብ የሚያስገባ ባሕር በሕግ ተከልሎ ነበር። እነዚህ ሁሉ እያሉ ረኀቡን በጊዜው ለዓለም ተናግሮ እህል የሚያስመጣ ቃል ከሚኒስትሮቹ አፍ አልወጣም። በኒውዮርክ ስለ ጠረፉ ለዓመታት የተናገረ አንደበት ለሀብሩና ለየጁ ገበሬ ዝም አለ። እህሉ በብዛት የገባው ጉዳዩ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ ብዙዎች ከተቀበሩ በኋላ ነው።

የካቲት 1966 ዓ.ም. የወታደሩ፣ የመምህሩና የታክሲ ነጂው እንቅስቃሴ ሲያይል የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ቀጥሎም ሚኒስትሮቹ ታሰሩ። ስለ ወሎ ረኀብና ስለ አስተዳደር በደል የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቁሞ ነበር፤ አክሊሉም በእስር ላይ ሆነው ለእሱ የሚሆን ረጅም ጽሑፍ አዘጋጁ፤ በውስጡም ስለ ኤርትራና ስለ ወደቦቹ የተደረገውን ድርድር አስፍረዋል። ጽሑፉ በመጽሐፍ መልክ ለሕዝብ የደረሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ምርመራው አልተፈጸመም፤ ችሎትም አልተሰየመላቸውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ከታናሽ ወንድማቸው ከአካለ ወርቅና ከሌሎች በርካታ የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች ጋር በአዲስ አበባ ወኅኒ ቤት ተገደሉ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታም በዚያው ሌሊት ተገድለዋል። የወሎ ሕዝብ በፍርድ ቤት ሊሰማው ይገባ የነበረው መልስ አብሯቸው ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚታወቅ ነው። ሠላሳ ዓመት የዘለቀው የኤርትራ ጦርነት በ1983 ዓ.ም. አበቃ፤ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በግንቦት ወር ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች። የብሱ ሲሄድ ባሕሩም አብሮ ሄደ፤ 12 ማይሉም የሚለካበት ዳር ከኢትዮጵያ እጅ ወጣ። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የወልድያም ሆነ የኮምቦልቻ ነጋዴ ዕቃውን በጅቡቲ በኩል ማስመጣት ያዘ። የባሕር ሕጉ ስምምነት ወደብ አልባ ለሆኑ አገሮች ወደ ባሕር የመውጣትና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት ይሰጣል፤ አፈጻጸሙን ግን ከጎረቤቱ ጋር በሚደረግ ስምምነት ላይ ይጥለዋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ባሕር በነበራት ጊዜ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ፈርማዋለች፤ አላጸደቀችውም።

የ1946ቱ አዋጅ ግን አንድ ጊዜ እንደገና ተነሥቷል። ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ምክንያት ተጋጭተው ክርክራቸውን ለዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሰጡ። ጉዳዩ በለንደን ተሰማ፤ ፍርዱ በ1991 ዓ.ም. እና በ1992 ዓ.ም. በሁለት ክፍል ወጣ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በዚያ ባሕር ያደረገው ቅኝት በማስረጃነት ቀረበ። ታላላቆቹ የሐኒሽ ደሴቶች ለየመን ሲሰጡ ሞሐባካ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች ለኤርትራ ተወሰኑ፤ ከአንዷ በቀር ከጠረፉ 12 ማይል ክልል ውስጥ መገኘታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ባሕሩ ከየት ተነሥቶ ይለካ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ፣ ኢትዮጵያ በ1946 ዓ.ም. ያወጣችውና ከዓመቱ ከፍተኛ የውኃ ሙላት ዳር የሚለካው ሕግ ተጠቀሰ። ዳኞቹ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ውኃው ሲጎድል ከሚታየው ዳር ለኩ። ኢትዮጵያ ከተከራካሪዎቹ አንዷ ስላልነበረች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር አልነበራትም።